የተሰረዘችው መስመር

በሱ ፎልስ ከተማ፣ ከኮሌጁ ምድር ቤት፣
ማሞቂያው በሚያጓራበት፣
በረዶ የመስኮቱን ግማሽ በዋጠበት፣
ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣
ለጀማሪዎች ድርሰት አስተምራለሁ፤
መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ እላለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የከረምነው፦
እነሱ ለእኔ ይጽፋሉ፣ እኔ በእስክሪብቶ አቀላዋለሁ፤
ውጤቷን አይተው ወረቀቱን ይጨመድዱታል።
በሩ ሥር ያለው ቅርጫት
ከእኔ ይልቅ ብዙ ድርሰት አንብቧል።

ዘንድሮ ታከተኝ። «ለእኔ አትጻፉ» አልኳቸው፤
«አራት አራት ሁኑ፣ አንድ ድርሰት ይኑራችሁ፤
አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀጥለው፣
ያልገባው ይጠይቅ፣ የበዛበት ይቀንሰው፤
የማን ነው የሚል ቢመጣ፣ የሁላችሁም ነው።»
ክፍሉ ዝም አለ፤ እንደ ጾም ቅዳሴ የረዘመ ዝምታ።
ከኋላ አንዲት ልጅ፣ እጇን አንሥታ፦
«ውጤቱስ መምህር? ለአራት ይካፈላል?»

ከመስኮቱ ሥር አራት ሆነው የተቀመጡት፦
ማሪሶል፣ ከሥጋ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ በፊት
ከእንቅልፏ ቀንሳ የምትመጣ፤
ኮልተን፣ የወተት ላም አርቢ ልጅ፣ ኮፍያው ከግንባሩ የማይነሣ፤
ኖ ፓው፣ ቃሉን ከመጻፏ በፊት
ሦስቴ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ የምትሞክረው፤
ደግሞ ይትባረክ፣ ስለ አንዲት ነጠላ ሰረዝ
ነገር ቢነሣ ሲሟገት የሚያድረው።

የኮልተን አንቀጽ ስለ ላሞች ነበር፤ ደረቅ፣ ንጹሕ፣
የማሽን መመሪያ የሚመስል።
ኖ ፓው ኅዳጉ ላይ ጠየቀችው፦
«መጨረሻ የተሸጠችው ላም ስሟ ማን ይባላል?»
መልስ የለም።
በሳምንቱ ግን ሁለት ገጽ መጣ፦
ጨረታው፣ ከኋላው የተከፈተ የጭነት መኪና፣
ጭቃው ላይ የቀረ የኮቴ ምልክት፤
የላሟ ስም ግን አልነበረበት።
መካከሉ ላይ ይህቺ መስመር ነበረች፦
«አባቴ ላም የለውም ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሣል
ይነሣል ይነሣና ወጥ ቤት ቁጭ ይላል»

እኔ፣ ምን ልደብቅ፣ አሰመርኩባት፤
«ድግግሞሽ» ብዬ ጻፍኩባት።
ይትባረክ ደንቡን ጠቅሶ ደገፈኝ፤
ማሪሶል፣ ታዛዥ ናት፣ ሰረዘቻት።

ሐሙስ ኮልተን ቀረ። ማክሰኞም ቀረ።
ድርሰቱ ግን አምሮበት ነበር፣ ያለ አንዲት እንከን፣
እንደ ሐዘንተኛ ራስ ተላጭቶ።
«ተስተካክሏል እኮ!» አለ ይትባረክ፣
ባዶውን ወንበር አይቶ።

ብርዱ ጸና። የከተማዋ ፏፏቴ
ከሮዝ ድንጋዩ ላይ ሳይወርድ ረጋ።
መኪናዬ ውስጥ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ስጠብቅ፣
ያቺን መስመር በቃሌ ስላት ራሴን ሰማሁት።
ከአሥራ ሁለት ዓመት ድርሰት
በቃሌ የቀረችው እሷው ብቻ ናት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከፋብሪካው መመገቢያ፣
ማሪሶል የእጅ ጓንቷን በጥርሷ ጎትታ፣
በስልኳ፣ በቀዘቀዘ አውራ ጣቷ፣
መስመሯን መለሰቻት፦
ሦስቱንም መነሣት፣ አራት ነጥብ ሳታክልባት።
ከሥሯም ጨመረች፣ ማንም ሳያዛት፦
«እኔም ከሥራ የምወጣው በዚያች ሰዓት ነው።
ከአውራ ጎዳናው ማዶ ሁልጊዜ አንድ መስኮት ይበራል።
የእናንተ ቤት ነው?»

ኮልተን ተመለሰ። ኮፍያው ላይ በረዶ አለ።
አልተነጋገሩም። ኖ ፓው ወረቀቱን ገፋችለት፤
ከአሮጌው ጥያቄዋ ጎን
በትንንሽ ፊደል አንድ ቃል አሰፈረ፦
«ክሎቨር»።
ኖ ፓው በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ጻፈችው፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።
ይትባረክ አላስቻለውም፦
«ከስሙ በፊት ነጠላ ሰረዝ ይገባል ወይ?»
ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።
«እንጃ» አልኩ፣ «ባለላሙን ጠይቅ።»

ቀይ እስክሪብቶዬን ብፈልግ ማሪሶል እጅ ነው፤
ጎንበስ ብላ የላሟን ስም በላዩ ታደምቀዋለች፣
ብራና ላይ የቅዱሳን ስም እንደሚጻፈው፣
በቀይ።